መያዝ፣ መከሰስ፣ መታሰር፦ ስለ አንድ የቪዛ ጥያቄ



የዛሬው ርእሴ ጠባብ ነው። የአሜሪካ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው በሚሞላው ዲኤስ-160 በተሰኘው ቅጽ ላይ፣ ወደ መጨረሻው ገደማ ከሚመጡት የደኅንነት ጥያቄዎች መካከል የአንዱ ይዘት በአማርኛ ሲመለስ ይህን ይመስላል፦ በማናቸውም ጥፋት ወይም ወንጀል ተይዘው ወይም ተፈርዶብዎ ያውቃሉ? ጉዳዩ በይቅርታ፣ በምሕረት ወይም በመሰል እርምጃ ያለፈ ቢሆን እንኳ? የዲቪ ዕድለኞችና በቤተሰብ ጥሪ የሚሄዱ ሰዎች በሚሞሉት ዲኤስ-260 ላይም ተመሳሳይ ጥያቄ አለ። መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ነው፤ ሦስተኛ ምርጫ የለም።

ይህ ጥያቄ ለደባርቅና ለዳባት ሰው ሩቅ ነገር አይደለም። ስሜን ተራራን ያስጎበኘው እንግዳ የግብዣ ደብዳቤ የላከለት አስጎብኚ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ነፃ የትምህርት ዕድል ያገኘ ምሩቅ፣ እኅቱ ከቨርጂኒያ የምትጠራው ወጣት፣ ሁሉም አንድ ቀን እዚያ ጥያቄ ላይ ይደርሳሉ። ከእነዚህ መካከል አንድ ሌሊት ፖሊስ ጣቢያ ያደረ ሰው ማግኘት አያስቸግርም። በገበያ ቀን ጠብ፣ በፓርኩ ክልል ከብት በማሰማራት፣ አስታ በመቁረጥ፣ ወይም ያለ ምንም ጥፋት በአፈሳ የተያዘ ብዙ ነው። ያደረበት ሌሊት ተረስቷል፤ ጥያቄው ግን ይጠብቀዋል።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ እናገራለሁ፤ ብዙው ጥፋት የሚጀምረው ከቃሉ ነውና። በቅጹ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ አፍ ብዙውን ጊዜ «ታስረህ ታውቃለህ?» ተብሎ ይተረጎማል። አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ «ታሰረ» ሲባል የሚታየው ወኅኒ ቤት ነው። አንድ ሌሊት ጣቢያ አድሮ በዋስ የወጣ ሰው ስለ ራሱ «ታስሬ አውቃለሁ» አይልም፤ «ተይዤ ነበር»፣ «ጣቢያ አድሬ ነበር» ይላል። ስለዚህ «ታስረህ ታውቃለህ?» ሲባል «ኧረ በፍጹም!» ብሎ የሚመልሰው ሰው በራሱ ቋንቋ አልዋሸም። በቅጹ ቋንቋ ግን ዋሽቷል።

ሕገ መንግሥታችን ይህን ልዩነት ከማናችንም በተሻለ ጥንቃቄ አስቀምጦታል። አንቀጽ 19 ስለ ተያዙ ሰዎች መብት ይናገራል፤ አንቀጽ 20 ስለ ተከሰሱ ሰዎች፤ አንቀጽ 21 ደግሞ በጥበቃ ሥር ስላሉና በፍርድ ስለ ታሰሩ ሰዎች። መያዝ፣ መከሰስ፣ መታሰር፦ ሦስት ደረጃ፣ ሦስት አንቀጽ። የቪዛው ቅጽ የሚጠይቀው ስለ መጀመሪያው ደረጃ ጭምር ነው። እኔ አስተርጓሚ ብሆን «ታስረው ያውቃሉ?» የሚለውን ትርጉም ፈጽሞ አልጠቀምም ነበር፤ «በፖሊስ ወይም በሌላ የሕግ አስከባሪ ተይዘው ያውቃሉ?» ብዬ እጠይቅ ነበር። ይህች አንዲት ግሥ የስንቱን ሰው ዕጣ እንደምትወስን ለትርጉም ተማሪዎቻችን ማስገንዘብ ይገባል።

በአንቀጽ 19 ላይ ቆም ልበል። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ነገር ግን ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ አይቆጠርም። ይህ ሐረግ ለአዲስ አበባ ሰው ጌጥ ሊመስል ይችላል። ከበየዳ ወይም ከጃናሞራ ቆላ በእግር ተነሥቶ ለሚመጣ ሰው ግን ቀናት ናቸው። በዚያ መንገድ ላይ፣ በሚሊሻ ታጅቦ፣ አንዳንዴም በቀበሌ ጽሕፈት ቤት አድሮ የተጓዘ ሰው ተይዟል ወይስ አልተያዘም? በሕጉ ዐይን ተይዟል። ፍርድ ቤት ሳይደርስ ሽማግሌ መንገድ ላይ ደርሶ ቢያስለቅቀውም ተይዟል።

ሽማግሌን ካነሣሁ፣ በእኛ አገር ነገሩን የሚያወሳስበው ዋናው ጉዳይ ዕርቅ ነው። እንበል፦ ሁለት ጎረቤታሞች በዳባት ገበያ በድንበር ነገር ተጣሉ፤ አንዱ ሌላውን በዱላ መታው፤ ፖሊስ ያዘው፤ በሁለተኛው ቀን ሽማግሌዎች ገቡ፤ ካሣ ተከፈለ፤ ተበዳዩ አቤቱታውን አነሣ፤ መዝገቡ ተዘጋ። ከአሥር ዓመት በኋላ የመቺው ሰው ልጁ ከውጭ ጠራችው። ቅጹ ይጠይቀዋል። ሰውየው «አይ» የሚለው ከፍርሃት ብቻ አይደለም። በእርሱ ሥርዓት የታረቀን ነገር መልሶ ማንሣት ነውር ነው፤ ቁርሾ መቀስቀስ ነው፤ ሽማግሌዎቹን መድፈር ነው። ዝምታው ለእርሱ ጨዋነት ነው። እዚያ ማዶ መስኮት ውስጥ የተቀመጠው ቆንስላ ግን ስለ ዕርቅ አልጠየቀም፤ የጠየቀው ከዕርቁ በፊት ስለ ሆነው ነገር ነው። ይህን ለአባቶቻችን ስናስረዳ «ዋሽተዋል» በማለት ከጀመርን አይሰሙንም። «ጥያቄው ስለ ጠቡ አይደለም አባቴ፣ ፖሊስ እጅ ስለ መግባት ብቻ ነው፤ ዕርቁንም እንጽፈዋለን» ብንላቸው ይሻላል።

የራሳችን ሕግም በዚህ በኩል ከዕርቅ ጋር ይመሳሰላል፤ መርሳት ያውቃል። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ ቅጣቱን የፈጸመና መልካም ጠባይ ያሳየ ሰው የተወሰነ ጊዜ ካለፈ በኋላ ፍርዱ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤትን እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ፍርዱ ሲሰረዝ ለወደፊቱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ምሕረትም እንዲሁ ነው፤ ጥፋተኝነቱን ጭምር እንዳልነበረ ያደርጋል። በ2010 ዓ.ም የወጣውን የምሕረት አዋጅ ቁጥር 1096 ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ የምስክር ወረቀቱን የወሰዱ ሰዎች በዚህ አዳራሽ ውስጥም ሊኖሩ ይችላሉ። እንግዲህ የአገሩ ሕግ «ይህ ነገር አልነበረም» ያለውን ሰው የሌላ አገር ቅጽ «ምሕረት ቢደረግልህም ንገረኝ» ይለዋል። የሁለት ሕጎች ግጭት ይመስላል፤ ግን አይደለም። የእኛ ሕግ የሚሰርዘው በእኛ አገር የሚኖረውን ውጤት ነው፤ የሌላ አገር መንግሥት የሚያቀርበውን ጥያቄ ሊሰርዝ አይችልም። ለቆንስላው የምሕረቱ ወረቀት ጠቃሚ ማስረጃ ነው፤ ነገር ግን ከ«አዎ» ጋር ተያይዞ የሚቀርብ ማስረጃ ነው እንጂ የ«አይ» ምክንያት አይደለም።

ከዚህ ጋር ሁልጊዜ የሚምታታው ከፌዴራል ፖሊስ የሚሰጠው ከወንጀል ነፃ የምስክር ወረቀት ነው። አመልካቹ አዲስ አበባ ወርዶ አሻራ ይሰጣል፤ ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ይወጣለታል፤ «እንግዲህ መንግሥት ራሱ ነፃ ነህ ብሎኛል» ብሎ ቅጹ ላይ «አይ» ይላል። ወረቀቱ የሚናገረው ግን በዚያ መዝገብ ውስጥ ስለ ተገኘና ስላልተገኘ ነገር ነው። በወረዳ ጣቢያ አንድ ሌሊት አድሮ ያለ ክስ የወጣ ሰው በዚያ መዝገብ ላይ ባይገኝ የሚያስገርም ነገር የለውም። የምስክር ወረቀቱ ትክክል ነው፤ «አይ» የሚለው መልስ ግን ስሕተት ነው።

አሁን ወደ ውጤቱ እንለፍ። ሰዎች የሚፈሩት «አዎ» ማለትን ነው። ፍርሃቱ ምን ያህል እውነት አለው? በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ቪዛ የሚያስከለክለው መያዝ አይደለም። ለአብዛኛው ጉዳይ መሠረቱ የጥፋተኝነት ፍርድ ወይም አመልካቹ ራሱ ወንጀሉን መፈጸሙን በሕጋዊ መንገድ ማመኑ ነው። ያም ሆኖ ወንጀሉ ከነውረኛ ባሕርይ የመነጨ፣ ማለትም እንደ ስርቆትና ማታለል ያለ መሆን አለበት። ፍጹም ፖለቲካዊ የሆነ ወንጀል ከዚህ ውጭ ነው። ከዚህም በላይ የአነስተኛ ጥፋት ልዩ ሁኔታ አለ፦ ሰውየው የፈጸመው ወንጀል አንድ ብቻ ከሆነ፣ ለወንጀሉ ሕጉ የደነገገው ከፍተኛ ቅጣት ከአንድ ዓመት እስራት የማይበልጥ ከሆነ፣ የተፈረደበትም ከስድስት ወር የማይበልጥ ከሆነ አይከለከልም። ከ18 ዓመት በታች ሆኖ ለፈጸመው አንድ ጥፋትም፣ ከአምስት ዓመት በላይ ካለፈው፣ ተመሳሳይ ምሕረት አለ።

ይህን ከእኛ ሕግ ጋር ስናስተያየው የሚገርም ነገር እናገኛለን። በወንጀል ሕጋችን ሦስተኛ ክፍል የተዘረዘሩት የደንብ መተላለፍ ጥፋቶች የሚያስከትሉት እስር ከአንድ ቀን እስከ ሦስት ወር ነው። ይህ ከአሜሪካው የአንድ ዓመት ወሰን እጅግ በታች ነው። የገበያ ግርግር፣ ተራ ስድብ፣ ቀላል የእጅ ጠብ የሚያስፈራ አይደለም። በአንጻሩ የስርቆት ወንጀል በአንቀጽ 665 እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ስለሚያስቀጣ፣ ፍርዱ የአንድ ወር ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ከፍተኛው ቅጣት ወሰኑን ያልፋል። እንግዲህ ጎረቤቱን በጥፊ የመታው ሰው በግ ከሰረቀው ሰው ይልቅ ሰላማዊ እንቅልፍ ሊተኛ ይችላል። የአደንዛዥ ዕፅ ጉዳይ ደግሞ የተለየ ነው፤ የአነስተኛ ጥፋት ልዩ ሁኔታ አይሸፍነውም፤ እንዲህ ያለ ነገር ያለበት ሰው በራሱ ግምት ሳይሄድ የሕግ ባለሙያ ማማከር አለበት።

«አይ» ማለትስ? ቪዛ ለማግኘት ሲል መሠረታዊ የሆነን ጉዳይ ዐውቆ የደበቀ ወይም በሐሰት የገለጸ ሰው የሚያገኘው ክልከላ የጊዜ ገደብ የለውም፤ ዕድሜ ልክ ነው። ክልከላውን የማንሣት ዕድል አለ፤ ግን ጠባብ ነው፤ ለቋሚ ነዋሪነት ለሚያመለክት ሰው የአሜሪካ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆነ የትዳር ጓደኛ ወይም ወላጅ ከባድ ችግር እንደሚደርስበት ማስረዳትን ይጠይቃል። በካናዳ ሐሰት ለተናገረ ሰው ክልከላው አምስት ዓመት ነው። በእንግሊዝ በማመልከቻ ላይ ማታለል እስከ አሥር ዓመት ያስከለክላል።

«መሠረታዊ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በሰጠው ውሳኔ መሠረት፣ ሐሰቱ መሠረታዊ የሚሆነው እውነቱ ቢታወቅ ሰውየው የሚከለከል ከሆነ፣ ወይም ሐሰቱ ወደ ክልከላ ሊያደርስ ይችል የነበረን የምርመራ መስመር የዘጋ ከሆነ ነው። ስለዚህ ለአንዲት የገበያ ጠብ «አይ» ያለ ሰው ጠበቃ ካገኘ የሚከራከርበት መሬት አለው። ነገር ግን ቆንስላ ፊት ጠበቃ ይዞ የሚቀርብ ማን ነው? ክርክሩ የሚያሸንፈው በወረቀት ላይ ነው፤ መስኮቱ ላይ የሚመዘነው የሰውየው ታማኝነት ነው። ለቱሪስትና ለተማሪ ቪዛ አመልካቹ ተመላሽ መሆኑን ማሳመን ያለበት እርሱ ስለሆነ፣ አንዴ ቃሉ ከተጠረጠረ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም።

«ማን ያውቃል?» የሚለው ጥያቄ በተማሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ በግልጽ ልመልሰው። የደባርቅ ጣቢያ መዝገብ አዲስ አበባ ካለው ኤምባሲ ጋር የተገናኘ አይደለም። የሚያጋልጠው ግን መዝገብ አይደለም፤ ሰውየው ራሱ ነው። አመልካቹ ለተማሪ ቪዛ «ተይዤ አላውቅም» ይላል። እዚያ ከደረሰ በኋላ የአገሩ ሁኔታ ይከፋና ጥገኝነት ይጠይቃል፤ በጥገኝነት ማመልከቻው ላይ «በዚህ ዓመት ተይዤ ተደብድቤአለሁ» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ ፋይል ውስጥ ይገናኛሉ። ለቪዛው ጉዳት የመሰለው እስር ለጥገኝነቱ ዋና ማስረጃ ሆኖ መጣ። እውነተኛውን መከራ የተቀበለው ሰው በሁለተኛው ጊዜ እውነቱን ሲናገር የማይታመነው በመጀመሪያው ጊዜ ስለ ደበቀው ነው። ከስደት ሽሽት ላይ ሆኖ የተናገረውን ሐሰት ዳኞች በርኅራኄ ሊያዩለት ይችላሉ፤ ሆኖም ማስረዳቱ በእርሱ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ጥገኝነት ያልጠየቀውም ቢሆን ለዜግነት ሲያመለክት እንደገና ይጠየቃል፤ የዜግነቱ ቅጽ ተይዘው ብቻ ሳይሆን ለጊዜው ታግተው እንደ ሆነም ይጠይቃል።

ይህ ለእኛ ትውልድ የሐሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1998 ዓ.ም ከምርጫው በኋላ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተይዘዋል። በ2009 ዓ.ም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች ተይዘው ብዙዎቹ በብር ሸለቆና በሌሎች ካምፖች «ተሐድሶ» ወስደው ተለቀዋል። በ2010፣ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም መጨረሻም ሌሎች አዋጆች ነበሩ። ከእነዚህ ተያዦች አብዛኛው ክስ አልቀረበበትም፤ ዳኛ አላየም፤ ወረቀት የለውም። የቪዛው ጥያቄ የተጻፈው እስር የአንድ ሰው የግል ታሪክ በሆነበት፣ እያንዳንዱ መያዝ ቁጥርና ፋይል ባለበት አገር ነው። በጭነት መኪና ተጭኖ ለሄደ፣ ስሙ በእጅ ጽሑፍ ዝርዝር ላይ ብቻ ለሰፈረ ሰው «በምን ጥፋት?» የሚለው መልስ የለውም። እኔ ጥያቄው ለእንዲህ ዓይነቱ አገር ሰው ፍትሐዊ ሆኖ ተቀርጿል ብዬ አላምንም። ይሁን እንጂ ቅጹ የማብራሪያ ቦታ ይሰጣል፤ «ክስ ሳይቀርብብኝ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከብዙ ሰዎች ጋር ተይዤ ያለ ፍርድ ተለቅቄአለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ቆንስላዎቹም የእነዚያን ዓመታት ታሪክ ያውቁታል።

ጥያቄው ለምን በዚህ ስፋት እንደ ተጻፈ ለመረዳት ግን ከእኛው ታሪክ ሁለት ስሞች ይበቃሉ። በቀይ ሽብር ዘመን በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ኃላፊ የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ በአትላንታ ሲኖር በቀድሞ ተጎጂዎች ተለይቶ ታወቀ፤ ዜግነቱ ተነጥቆ እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ከፍልኝ ዓለሙ ወርቁ ደግሞ የከፍተኛ 15 እስር ቤት ጠባቂ ነበር፤ በሌላ ሰው ስም ገብቶ በዴንቨር ሲኖር እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ የቀድሞ እስረኛ ለየው፤ በ2014 የ22 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ሁለቱም የወደቁት ስላለፈ ሕይወታቸው በሐሰት ቃል በመግባታቸው ነው። በዚያ እስር ቤት የነበረው እስረኛና ጠባቂው አንድ ዓይነት ቅጽ ይሞላሉ። ቅጹ ሊለያቸው የሚችለው እስረኛው እውነቱን ከተናገረ ነው።

ስለ ፎርም ሞዮች አንድ ነገር ልበል። በኢንተርኔት ቤት የሚሞላው ቅጽ ላይ የደኅንነት ጥያቄዎቹ በሙሉ ሳይነበቡ «አይ» ተብለው እንደሚታለፉ ሁላችንም እናውቃለን። ሞዪው በክፋት አይደለም፤ ጥያቄዎቹ ስለ ሽብርና ስለ ሕገ ወጥ የሰዎች ዝውውር ሲሆኑ ሽማግሌ አባትን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ያሳፍረዋል። ይሁን እንጂ የሚፈርመው አመልካቹ ነው። ቅጹም ሌላ ሰው ረድቶዎት እንደሆነ ለብቻው ይጠይቃል፤ ለዚያም እውነቱን መመለስ ይገባል። ቃለ መጠይቁ ከመጀመሩ በፊት ስሕተቱን ያወቀ ሰው ቅጹን አርሞ እንደገና ማስገባት ይችላል። ቃለ መጠይቁ ላይ ያወቀውም ሳይጠየቅና ሳይጋለጥ ወዲያውኑ በራሱ አንደበት ቢያርም በጊዜው የተደረገ እርማት ይቆጠርለታል። ከተጋለጠ በኋላ የሚመጣ እርማት ግን እርማት አይደለም።

«አዎ» ብሎ ለመጻፍ የወሰነ ሰው ምን ይጻፍ? የተያዘበትን ቀንና ቦታ፣ የተያዘበትን ምክንያት ፖሊስ እንደ ነገረው፣ ስንት ቀን እንደ ቆየ፣ ጉዳዩ እንዴት እንዳለቀ። ከዚህ አይለፍ። ተይዤ አውቃለሁ ማለት ጥፋተኛ ነኝ ማለት አይደለም፤ ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 20 የተከሰሰን ሰው እንኳ እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት ይሰጠዋል። ንስሐ ለካህን ነው፤ ለቆንስላ የሚቀርበው የሆነው ነገር ብቻ ነው። ክስ ቀርቦ ከነበረ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ግልባጭ በማኅተም አስወስዶ በሕጋዊ ተርጓሚ ማስተርጎም ያስፈልጋል። ክስ ካልነበረ ከጣቢያው ወይም ከዐቃቤ ሕግ ቢሮ መዝገቡ መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ፤ መዝገቡ ካልተገኘም አለመገኘቱን የሚገልጽ ደብዳቤ። እዚህ ላይ የፍትሕ አካላት እንግዶቻችንን የምለምነው ነገር አለኝ፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚጠይቅን ሰው «ይህ ያለፈ ነገር ነው፣ ምን ያደርግልሃል?» ብላችሁ አትመልሱት።

በፖለቲካ ምክንያት ተይዞ የነበረና የተናገረው ነገር ወደ መንግሥት ጆሮ ይመለሳል ብሎ ለሚሠጋ ሰው፣ የአሜሪካ ሕግ የቪዛ መዛግብትን ምስጢራዊነት እንደሚጠብቅ ማወቁ ይጠቅመዋል።

በመጨረሻም ሁሉም ቅጽ አንድ አይደለም። የካናዳው እንደ አሜሪካው መያዝን ይጠይቃል። የእንግሊዙ በዋናነት የሚጠይቀው ስለ ጥፋተኝነት፣ ስለ ቅጣትና በመታየት ላይ ስላለ ክስ ነው። የሸንገን አገሮች የጋራ የአጭር ጊዜ ቪዛ ቅጽ ላይ ደግሞ ስለ እስር የሚጠይቅ መስመር የለም፤ ጀርመን የተጋበዘው አስጎብኚያችን ያልተጠየቀውን የዛሬ ስምንት ዓመት የበቅሎ ጠብ በፈቃዱ እንዲጽፍ የሚያስገድደው ነገር የለም። የምትመልሱት የተጠየቃችሁትን ነው፤ ስለዚህ ጥያቄውን በእንግሊዝኛው፣ ቃል በቃል፣ ሁለት ጊዜ አንብቡት።

የተሰጠኝ ሰዓት አልቋል። ከኋላ እጅ ያወጣችሁትን ቀድሜ አይቻችኋለሁ፤ ከእናንተ እንጀምር።